«አለሁ» ያለው ማን ነበር?

የባለቤቴ ሙት ዓመት ሊደርስ ዐሥር ቀን ሲቀረው፣ ፎቶዋን ላስተልቅ ብዬ አየር ጤና ሄድኩ። ሄድኩ ስል እንዲሁ ብድግ ብዬ የሄድኩ አይምሰላችሁ። ከኮልፌ 18 ማዞሪያ ሁለት ታክሲ ቀይሮ አየር ጤና መድረስ ለእኔ ዕድሜ ዘመቻ ነው። ረዳቱ «ፋዘር፣ ጠጋ በሉ» ሲለኝ እጠጋለሁ፤ ጎኔ የተቀመጠችው ልጅ ጆሮዋን ደፍና ስልኳን ታያለች፤ ማንም ማንንም አያናግርም። ድሮ በዚሁ መንገድ በውይይት ታክሲ ስንሳፈር ፊት ለፊት ተፋጠን፣ ጉልበት ለጉልበት እየተጋጨን ነበር የምንቀመጠው። ሳንነጋገር መውረድ ነውር ነበር። የማናውቀው ሰው ልጁ ፈተና ማለፉን ነግሮን፣ እንኳን ደስ ያለህ ብለነው እንወርዳለን። ጥሩወርቅን ያገኘኋትም እዚያው ነው። ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ ግንባሯ ከብረቱ ጋር ተጋጨ፤ እኔ ያኔ አዲስ ነርስ ነኝ፣ መሐረቤን አውጥቼ ደሟን ያዝኩላት። ከግራ ቅንድቧ በላይ ትንሽ ጠባሳ ቀረባት። ሂሳቡ ሃያ አምስት ሳንቲም ነበር፤ የእሷንም ከፈልኩ። አሁን የምከፍለውን አልናገርም፣ ዋጋ ሲያነሳ ሽማግሌ ሁሉ ነጭናጫ ይመስላል።

የፎቶ ቤቷ ባለቤት ጨዋ ሴት ናት። የሰጠኋትን አሮጌ ፎቶ ኮምፒዩተር ላይ አውጥታ አሳየችኝ። ፊቱ ጠርቷል፣ ዓይኑ በርቷል፣ የቆዳው መጨማደድ የት እንደገባ አይታወቅም።

«ይቺ ማናት?» አልኳት።

«እርሳቸው ናቸው ጋሼ። ትንሽ አጠራሁልዎት እንጂ።»

ጠባሳዋም አብሮ ጠርቶ ሄዷል። ጠጋ ብዬ አየሁት። ሴትዮዋ አተኩሬ ማየቴን እንደ መደሰት ቆጠረችው መሰለኝ ወንበሯን ጠጋ አደረገች። «ድምፃቸው ካለዎት እኮ አሁን በኤአይ እናናግራቸዋለን። ዓይናቸውን ያርገበግባሉ፣ ፈገግ ይላሉ። የፈለጉትን ቃል ያወጣሉ። ሰው ሁሉ ለሙት ዓመት እያሠራ ነው፤ ያለቅሱና ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ።»

ድምፅዋ አለኝ። ስልኬ ውስጥ፣ «ስትመጣ ሎሚ ይዘህ ና» የምትል አንዲት መልእክት አልደመሰስኩም። «ምን እንዲሉልዎት ይፈልጋሉ?» ስትለኝ የምፈልገው ቃል ወዲያው አፌ ላይ መጣ። አሳፈረኝና «እስቲ ላስብበት፣ ቅዳሜ እመጣለሁ» ብዬ ወጣሁ።

ቃሏ ይቺ ናት። እኔና ጥሩወርቅ ልጅ አልሰጠንም፤ አርባ አንድ ዓመት ሁለታችን ብቻ ነበርን። ቤታችን መጀመሪያ የጭቃ ነበር፣ በኋላ ብሎኬት ሆነ፤ ሰላምታችን ግን አልተቀየረም። ከሥራ ስመለስ እንደ እንግዳ «ቤቶች» አልልም። ከአጥር በሩ ሆኜ «አለሽ?» እላለሁ። እሷ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋ ነበር፤ የስፌት መኪናዋ ጉርርታ ቀጥ ይልና ከውስጥ «አለሁ» ትላለች። ከዚያ መኪናዋ ይቀጥላል። በቃ ይኸው ነው። ከሌላ ሰው ጋር ደህና አደርክ፣ ደህና ዋልክ፣ ልጆች እንዴት ናቸው ተባብሎ ሰላምታ ሩብ ሰዓት ይፈጃል፤ የእኛ ሁለት ቃል ነበረች። ካለች፣ ሌላው ሁሉ ደህና ነው።

ከፎቶ ቤቱ ቀጥሎ ጋራዥ አለ። አንድ ሚኒባስ በጋዜጣ ሸፍነው ቀለም ይረጩታል። ሦስት እርምጃ እንደሄድኩ የቲነሩ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባና ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። አጥወልውሎኝ አይደለም። ቲነር የኤተር የሩቅ ዘመድ ነው፤ ኤተር ደግሞ የእኔ የወጣትነት ሽታ ነው።

ሰመመን ሰጪ ነርስ ነበርኩ። ሠላሳ አራት ዓመት ሰው አስተኝቼ ሰው ቀስቅሻለሁ። ሰፈር ውስጥ «አስተኚው» ነበር የምባለው፤ አልተኛም የሚል ሕፃን ካለ እናቱ «ጋሽ ደምሴን ልጥራው?» ትላለች። በዚያ ዘመን የነበረን የማስተኛ መድኃኒት ኤተር ነው። ሸሚዜ ኤተር ይሸታል፣ ጸጉሬ ኤተር ይሸታል፣ ያኔ ጸጉር ነበረኝ፣ አፍሮ። ታች እንደ ደወል የሚሰፋ ቴትሮን ሱሪ ለብሼ በኮልፌ ጭቃ ስሄድ ጫፉ ውሃ እየጠጣ እስከ ጉልበቴ ይረጥባል። ማዞሪያው ላይ ጋሪዎች ተሰልፈው ይቆማሉ። ሙዚቃ ቤቱ አንዱን ካሴት ከጧት እስከ ማታ ያጫውታል፣ የምንወደውን ዘፈን እስክንጠላው፣ ከዚያ እንደገና እስክንወደው። ሻይ በዐሥራ አምስት ሳንቲም ከፓስቲ ጋር እጠጣና ጥሩወርቅ ዘንድ ስደርስ «አስተኚው መጣ፣ አትቅረበኝ፣ ያስተኛኛል ሽታህ» ትለኛለች። ዘመኑ ለሁሉም ደግ አልነበረም። ስለ እሱ ሌላው ይጻፍ። እኔ የማስታውሰው ሽታውን ነው።

የመጀመሪያዋ ታካሚዬ ከገጠር የመጡ አሮጊት ነበሩ። ጭምብሉን ሳስጠጋ ፈሩ። «የኔ ልጅ፣ አለህ?» አሉኝ። «አለሁ እማማ» አልኳቸው። ትንሽ ቆይተው ድምፃቸው እየራቀ ደገሙት፤ እኔም «አለሁ፣ አለሁ» አልኩ። ተኙ። ሰላም ተነሡ። ከዚያ በኋላ ልማድ ሆነብኝ። እጄን የማሳርፈው ከታካሚው ጆሮ ፊት ባለችው የደም ሥር ላይ ነው፤ ሌሎቹ የእጅ አንጓ ነው የሚይዙት፣ እኔ ግን ከራስጌ ሆኜ ያቺን ነበር የምቆጥረው። ጣቴ እዚያ እያለ ጎንበስ እልና ለተኛው ሰው «አለሁ» እለዋለሁ። ቀዶ ጥገናው እስኪያልቅ፣ አልፎ አልፎ፣ «አለሁ»። ሁለት ሦስት ዓመት እንዲህ ሠራሁ። አንድ ቀን አለቃዬ ሰማኝና ሰው ፊት «ደምሴ፣ ከማን ጋር ነው የምታወራው? ይሄ እኮ አሁን እንጨት ነው» አለኝ። ሁሉም ሳቁ። አፈርኩና ተውኩ። ይባስ ብሎ ራሴ አለቃ ስሆን ለተማሪዎቼ ያንኑ አስተማርኩ። እንጨት ነው፣ እላቸው ነበር።

«ምን ሆኑ ጋሼ?»

ከጋራዡ አጠገብ ካለው የመለዋወጫ ሱቅ አንድ ሰው ወጥቶ ክንዴን ያዘኝ። ስድሳዎቹን ያገባደደ፣ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ። ዱካ ሰጠኝ፣ ሻይ አስመጣልኝ። ስሙን ሳህሌ አለኝ፤ ልጅ እግር ሆኖ ከጉራጌ አገር መጥቶ በንግድ ያረጀ ሰው ነው። ቲነሩ ኤተር መስሎኝ ነው ስለው፣ ሐኪም ነበሩ ወይ አለኝ። ሰመመን ሰጪ ነበርኩ አልኩት። እጁ ላይ ሁለት ኩሽኔታ፣ ጎማ የሚያሽከረክረውን ባለ ኳስ ብረት፣ ይዞ ነበር፤ አስቀመጣቸው።

«እኔም አንዴ ተኝቻለሁ» አለ። «ትርፍ አንጀት። ዕድሜዬ ሃያ አይሞላም። ቆይ፣ እሱን እነግርዎታለሁ። መጀመሪያ እነዚህን ይዩልኝ። አንዱ ኦርጅናል ነው፣ አንዱ ፎርጅድ። የቱ ነው?»

«እኔ ምኑን አውቄው።»

«እኔም አላውቅም። ሠላሳ ዓመት ሸጬ አላውቅም። ድሮ በክብደቱ፣ በጽሑፉ እለይ ነበር። አሁን ጽሑፉንም፣ ካርቶኑንም፣ የተቀባውን ግራሶ እንኳ አስመስለው ይሠሩታል። መኪና ውስጥ ገብቶ ሲሰበር ብቻ ነው የሚለየው።» አንዱን በጣቱ አሽከረከረው። «ታዲያ ባለፈው ልጄ ስልክ ላይ አንድ ምሁር አሳየችኝ። ይሄ የምናየው ዓለም በሙሉ አንድ ትልቅ ኮምፒዩተር ውስጥ ተመስሎ የተሠራ ሊሆን ይችላል፣ እኛም ጭምር፣ ይላል። ልጄ ሳቀች። እኔ ግን ለምን አይሆንም አልኩ። ኩሽኔታ ከተመሰለ አየር ጤና ለምን አይመሰልም?»

«እኔንስ?» አልኩት።

«እርስዎንም እጠራጠራለሁ። አይቀየሙኝ።»

«ሻይ እየጋበዝከኝ?»

«ለማንኛውም ብዬ ነው» አለና ሳቅን። ከጥሩወርቅ በኋላ ከሰው ጋር መጀመሪያ የሳቅሁት ያን ቀን መሰለኝ።

ከዚያ መነጽሩን ከአንገቱ አወለቀ። «አንዲት ኦርጅናል ነገር ግን አለችኝ» አለ። «የዚያን ቀን ጭምብሉን ሲያደርጉልኝ ሁሉ ነገር ተወሰደብኝ። እጅ የለኝ፣ እግር የለኝ። ስሜ ጠፋኝ። እናቴ ጠፋችኝ። ጨለማ እንዳልለው የሚያየው ሰው የለም። ሕመምም የለም። ከዚያ ውስጥ አንድ ነገር፣ ‹አለሁ› አለ። ቆየት ብሎ ደግሞ ‹አለሁ›። ማነው ይሄ አልኩ። ሌላ ማን ሊኖር፣ እኔው ነኝ። ሁሉ ተወስዶ እንኳ የማይወሰድ አንድ እኔ አለ ማለት ነው። ከነቃሁ በኋላ ለማንም አልተናገርኩም፣ ለየለት እንዳይሉኝ። ግን ሱቄ የፈረሰ ጊዜ፣ ሚስቴን የቀበርኩ ጊዜ፣ ያቺን ቃል ይዤ ነው የቆምኩት። ሌላው ሁሉ ፎርጅድ ቢሆን እሷ ኦርጅናል ናት።»

ሻዩን አስቀመጥኩ። የተኛበትን ሆስፒታል ጠየቅሁት፤ የእኔው ነው። ጊዜውን ጠየቅሁት፤ ገና ሳልገሠጽ የነበረው ጊዜ ነው። «ጭምብሉን የያዘው ሰው እጁን የት አድርጎ ነበር?» አልኩት። ሳህሌ ጣቱን አንሥቶ ከጆሮው ፊት ለፊት አደረገ። «እዚህ። እሱን ብቻ አስታውሳለሁ፣ ሙቅ ነበር። ምነው ጠየቁኝ?»

«እንዲሁ ነው» አልኩት። አመስግኜው ተነሣሁ።

አስቡት እስቲ። የእኛ አማርኛ ቃሏን አንድ አድርጓታል። ሰው ስለ ራሱ ሲናገርም «አለሁ» ነው፣ አይዞህ አጠገብህ ነኝ ሊል ሲፈልግም «አለሁ» ነው። ያ ልጅ በዚያ ጨለማ የሰማው የእኔን ድምፅ ነው። ማን እንደሆነ የሚለይበት ምንም ነገር ስላልነበረው የራሱ አደረገው። ይሄ ሰው ሃምሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በሌላ ሰው ቃል ላይ ቤቱን ሠርቶ ኖሯል። ይህን ብነግረው ያቺኑ አንዷን እነጥቀዋለሁ። ልተወው አልኩ። ግን በመልስ ጉዞው ታክሲ ውስጥ ያሰብኩት ስለ ሳህሌ አልነበረም።

ጥሩወርቅን ደም ግፊት ጣላት። ሆስፒታል ትንሽ ከተኛች በኋላ፣ ከዚህ በላይ የምናደርግላት የለም፣ ቤቷ ትሁን አሉን። ዘጠኝ ቀን ቤት ተኛች። ዓይኗን አትገልጥም፣ ቢቆነጥጧት አትሸሽም። እህቷ አስካለ ከጆሮዋ ሥር ቁጭ ብላ ቀኑን ሙሉ ታወራላት ነበር፤ የጎረቤት ወሬ፣ የሽንኩርት ዋጋ፣ ልጅ ሆነው ያጠፉትን ጥፋት። እኔ ባለሙያው ደግሞ «አስካለ፣ ራስሽን አታድክሚ፣ አትሰማም» አልኳት።

«በምን አወቅህ?» አለችኝ።

«ሥራዬ ነው» አልኳት።

ምን ነበር ሥራዬ? ትንፋሽ ማየት፣ የዓይን ብሌን ማየት፣ የደም ሥር መቁጠር። ውስጥ ግን ገብቼ አላውቅም። ማንም ገብቶ አያውቅም። ሕፃን ሦስት አራት ዓመት ሲሆነው «ነፍስ አወቀ» እንላለን፤ የወደቀ ሰው «ነፍሱን ሳተ» እንላለን። ስትመጣም ስትሄድም ያያት የለም፣ ከደጅ ሆነን ነው ስም የምናወጣው። ይህን ሁሉ ሠላሳ አራት ዓመት አውቄ፣ መስማት ከሁሉ መጨረሻ እንደሚሄድም ተምሬ፣ ለገዛ ሚስቴ ስሆን እንጨት ናት አልኩ። ቃሉን አላወጣሁትም፤ አደረግሁት። ዘጠኝ ቀን ጣቴን ከጆሮዋ ፊት ባለችው ደም ሥር ላይ አድርጌ ቆጠርኩ። አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ሳህሌ ሰምቶ ከሆነ እሷ ለምን አትሰማም? ስሟ ጠፍቷት፣ እጇ ጠፍቷት፣ አስካለ ስለ ሽንኩርት ስታወራ ሰምታ፣ የእኔን ድምፅ ጠብቃስ ቢሆን? ጣቴ ሙቅ መሆኑን እያወቀች፣ ደምሴ እዚህ ተቀምጦ ምነው ዝም አለኝ ብላስ ቢሆን? እስከ ቅዳሜ አራት ቀን ነበር፤ አራቱንም ቀን አስካለን ደውዬ ይቅርታ ልጠይቃት እያልኩ አልደወልኩም።

ቅዳሜ ከሰዓት በፊት ወደ ሳህሌ ሱቅ ሄድኩ። አልነግረውም ያልኩትን ልነግረው ነው። ደግነት አልነበረም፣ ብቻዬን መያዙ ስላቃተኝ ነው። ዱካው ላይ ተቀመጥኩና ከአሮጊቷ ጀምሬ እስከ አለቃዬ ስድብ ሁሉንም ነገርኩት። ጣቴንም ከጆሮው ፊት አስቀመጥኩለት። «ድምፁ የእኔ ነበር ሳህሌ» አልኩት። «አንተ አይደለህም ‹አለሁ› ያልከው።»

አንድ ደንበኛ ገብቶ የፍሬን ሸራ ጠየቀ፤ ሳህሌ የለም አለው፣ መደርደሪያው ላይ እያየሁት። ደንበኛው ወጣ። ኩሽኔታ አነሣ፣ አሽከረከረ፣ እስኪቆም ጠበቀ፣ እንደገና አሽከረከረ። ሰውዬውን ገደልኩት አልኩ በልቤ። ይቅር በለኝ ልል አፌን ስከፍት ቀድሞኝ ተናገረ።

«እንግዲህ እኔ መኖሬን እንጃ» አለ። «እርስዎ ግን እንዳሉ እርግጠኛ ሆንኩ።»

«ትቀልዳለህ?»

«አልቀልድም ጋሽ ደምሴ። ያን ሁሉ ዘመን እዚያ ውስጥ ብቻዬን የነበርኩ መስሎኝ ነበር። እኮራበት ነበር፣ ግን ያስፈራኝም ነበር። ለካ ሰው ነበር።» ዓይኑን በእጀታው ጠረገ። «ለካ ሰው ነበር» አለ ደግሞ።

እኔም ስለ ዘጠኙ ቀን ነገርኩት። ሊያጽናናኝ አልሞከረም፤ አትሰማም ነበር አላለኝም፣ ሰምታለችም አላለኝም። የሁለታችንም ሻይ ቀዘቀዘ። ስነሣ እስከ አስፋልቱ ሸኘኝ፤ «ማክሰኞ ማክሰኞ ይምጡ፣ ገበያ ቀዝቃዛ ነው» አለኝ።

ፎቶ ቤቱ ገባሁ። ሴትዮዋ «ድምፃቸውን አመጡልኝ?» አለች። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እጄ ገብቶ ነክቶት ነበር። ኮምፒዩተሩ አሳምሮ «አለሁ» ሊያሰኛት እንደሚችል አልጠራጠርም፤ እኔም አልቅሼ፣ ደስ ብሎኝ እሄድ ነበር። ግን የእሷን «አለሁ» አርባ አንድ ዓመት ጠግቤ ሰምቻለሁ። የጎደለው የእሷ አልነበረም።

«አላመጣሁም» አልኳት። «ጠባሳዋን መልሺልኝ።»

«እንዴ፣ ጋሼ፣ ያለ ጠባሳ ያምራሉ እኮ።»

«ያለ ጠባሳ እሷ አይደለችም። መልሺልኝ።»

መለሰችልኝ። ሽክፍ አድርጋ በካርቶን ሰጠችኝ። ሁለት ታክሲ ቀይሬ 18 ማዞሪያ ወረድኩ። ሙዚቃ ቤቱ የነበረበት ቦታ አሁን የስልክ ዕቃ ይሸጥበታል፤ ጋሪዎቹ ይቆሙበት የነበረው ላይ ሚኒባሶች ይዞራሉ። የአጥር በሩን ከፈትኩ። አንድ ዓመት ሙሉ እዚህ ቦታ ላይ ስደርስ አፌ «አለሽ» ሊል ይነሣና እመልሰዋለሁ፤ መልስ የሌለው ጥያቄ ምን ያደርጋል ብዬ።

ያን ቀን አልጠየቅኋትም። ገብቼ ፎቶዋን በስፌት መኪናዋ ላይ አቆምኩት። አልጋዋ አጠገብ፣ እነዚያን ቀናት የተቀመጥኩባት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ከራስጌዋ በኩል ጎንበስ አልኩና «አለሁ» አልኩ። ትንሽ ቆየሁና ደገምኩት፣ እንደዚያ ዘመን፣ ቀስ ብዬ። ዘጠኝ ጊዜ አልኩት፤ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ።